ለሰው ጀርባ የተሰፋ ኮርቻ

ፍቅርአዲስ እንጅባራ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ፣ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ እግሯ ዳገት የማይፈራ። በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ከባሕር ዳር አንድ ባለማርሽ የተራራ ሳይክል ገዝታ በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭና መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ቤቷ አልተገኘችም። ሳይክል የሚገባበትን በሳይክል፣ የማይገባበትን በእግሯ እየሄደች የዘንገናን ዙሪያ፣ የፉዲን ተራራ፣ የዶንዶርን ፏፏቴ አዳረሰችው። ሰዉ መጀመሪያ ጉድ አለ፤ ቀጥሎ "ምን ጠፍቶባት ነው የምትፈልገው?" ብሎ ጠየቀ፤ በመጨረሻ ለመዳት።

ያስቸገራት ሳይክሉ አልነበረም፤ ቦርሳው ነበር።

እንዲህ ያለ መንገደኛ ባዶ እጁን አይወጣም። ውኃ አለ፣ በሶ አለ፣ መንፊያ አለ፣ ትርፍ ካላማዳሪ አለ፤ የእንጅባራ ሰማይ ደግሞ ስለማይታመን የዝናብ ልብስ አለ። የመጀመሪያው ቦርሳዋ ከሱቅ በረንዳ የተገዛ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዚፑ በጉዞ ላይ ተከፍቶ በሶዋን ከእንጅባራ እስከ ዘንገና እንደ ዘር በተነው። ሁለተኛው ከባሕር ዳር የመጣ፣ አሥራ አንድ ኪስ ያለው ነበር፤ ማንጠልጠያው ግን እንደ ሽቦ ቀጥኖ ትከሻዋን ሲገዘግዘው ከረመ። ሦስተኛውን ያዋሰቻት ባልደረባዋ ምሕረት ነበረች። እሱስ ጥሩ ቦርሳ ነበር፤ ለደብተር።

ለቅሶ ቤት ያስገባት ይኸው ሦስተኛው ቦርሳ ነው።

ከጥሊሊ መልስ ቁልቁለቱን ስትወርድ የግራው ማንጠልጠያ ተበጠሰ። ቦርሳው በቀኙ ተንጠልጥሎ ዞረና ፊቷ ላይ ተለጠፈ። ፍሬን ያዘች፤ ሳይክሉ ግን አስፋልቱን ለቆ፣ ሣሩ ላይ ተንሸራቶ፣ የአንድ ድንኳን መጋረጃ ገልጦ ገባ። ቦርሳውን ከፊቷ ላይ ስታነሳ፣ በአግዳሚ ላይ የተደረደሩ፣ ጋቢ የለበሱ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ዝም ብለው ያዩዋታል።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳያለቅሱ መውጣት ነውር ነው። ፍቅርአዲስም ሳይክሏን ከድንኳኑ ምሰሶ አስደግፋ ማልቀስ ጀመረች። ጉልበቷ ተልጦ ስለነበር እንባው አላስቸገራትም። ቆየት ሲል ግን፣ ሟች ወንድ ይሁኑ ሴት ሳታውቅ፣ የእውነት ለቅሶ ያዛት፤ ሴቶቹም ቀዝቅዞ የነበረውን እንደ አዲስ አነሱት። ሲበቃቸው ቦታ ለቀው አስቀመጧት፤ ንፍሮም ሰጧት።

ከጎኗ የነበሩት አበረ የሚባሉ የዳንግላ ሽማግሌ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"ሟችን በምን ታውቂያቸዋለሽ ልጄ?"

"በመንገድ ነው" አለች ፍቅርአዲስ፤ መዋሸት አልፈለገችም።

"አዎ፤ መንገድ ይወዱ ነበር" አሉ አቶ አበረ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ዓይናቸው ጀርባዋ ላይ አረፈ። ሸሚዟ ትከሻዋ ላይ ደም አዝሏል። "ይህ ገጣባ ነው። ማነው እንዲህ አድርጎ የሚጭንሽ?"

"ራሴ ነኝ።"

"ለራስሽ አታዝኚም? ፈረስ እንዲህ አቁስሎ የተገኘ ሰው እኮ እኛ ዘንድ ዕድር ይቀጣዋል።" ቆጣ ብለው ነበር፤ ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዳንግላ ከከብት ገበያው ጀርባ አየነው የሚባል ኮርቻ ሰፊ አለ። ለጀርባ ከሱ ወዲያ ላሳር ነው። አበረ ላከኝ በይው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍቅርአዲስ በሚኒባስ ዳንግላ ወረደች። አያ አየነውን ለማግኘት መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም፤ የቆዳው ሽታ መራት። ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ ቁመታቸው አጭር፣ እጃቸው ግን የሌላ ትልቅ ሰው የሚመስል አዛውንት ናቸው። ከሚስታቸው ከዘውድነሽ ጋር በአዊኛ፣ ከገበያተኛው ጋር በአማርኛ፣ ከቆዳው ጋር በማጉረምረም ይነጋገራሉ።

"የጀርባ ቦርሳ እንዲሠሩልኝ ነው የመጣሁት፣ አያ። ለሳይክልም፣ ተራራ ለመውጣትም የሚሆን። የሚበረክት፣ የማይቆረቁር።"

"ቦርሳ አልሠራም። ኮርቻ ነው የምሠራ።"

"ታዲያ ሁለቱም ጀርባ ላይ አይደል የሚሆኑት?"

የአያ አየነው ወስፌ በአየር ላይ ቀረ። ጉዳዩ ማሰብ የሚጠይቅ ነበር።

"ጭነቱን የሚሸከመው ማነው?"

"እኔ።"

"የሚጋልበውስ?"

"እሱም እኔው ነኝ። ሳይክል ነው የምጋልበው።"

"ሳይክሉ አይሸከምም?"

"እኔን ብቻ ነው የሚሸከመው።"

"ዘውድነሽ!" ብለው ተጣሩ ወደ ጓዳ። "እስቲ ነይማ! ፈረሱም ፈረሰኛውም አንድ የሆነበት መጥቷል።"

ዘውድነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡና ፍቅርአዲስን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። አርባ ዓመት ከኮርቻ ሰፊ ጋር የኖረች ሴት በትንሽ ነገር አትደነግጥም። "ታዲያ ቁጭ በይ አትላትም?" አሉ።

"ፈረስ ቁጭ አይልም። አንቺ ልጅ፣ እስቲ እስከዚያ ባሕር ዛፍ ድረስ ሂጅና ተመለሽ።"

ፍቅርአዲስ ሄዳ ተመለሰች። "አሁን በሶምሶማ" አሏት። ስፖርት መምህርት አይደለች፣ ሶምሶማው አላቃታትም፤ ያስቸገራት አጥሩ ላይ ተደግፎ የሚያያት ገበያተኛ ነበር። አንድ የከብት ደላላ አንገቱን አስግጎ፣ "ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች" አለ። ሰውየው ደላላ ቢሆንም እውነቱን ነበር። ፍቅርአዲስ ስንት ዓመት ስትሮጥ ያላስተዋለችውን የዚያን ቀን አወቀች።

"አያችሁ፣ ጭነቷ በቀኝ ሲያመዝን ስለኖረ ነው" አሉ አያ አየነው። "እስቲ ጥርስሽን።"

"ጥርሴን ምን ያደርግልዎታል?"

"ዕድሜሽን ላይ ነዋ። ለልጅ ፈረስና ለጎለመሰ ፈረስ አንድ ኮርቻ አይሰፋም።"

"ሃያ ዘጠኝ ነኝ እኮ!"

"አልሽኝ። ሰው ብዙ ይላል፤ ጥርስ ግን አይዋሽም።"

ዘውድነሽ በዓይናቸው አባበሏት። ፍቅርአዲስ ዳንግላ ድረስ መጥታ ለጥርስ ብላ መመለስ ከበዳትና አፏን ከፈተች። አያ አየነው ጎንበስ ብለው አይተው፣ "እውነቷን ነው" አሉ። ይህን ሲሰማ በአጥሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ለራሱ የተመሰከረለት ያህል እፎይ አለ።

ከዚያ ዘውድነሽ ወደ ጓዳ አስገብተው ጀርባዋን በገመድ ለኩላት፤ ቁስሉንም አዩ። የልኩን ቋጠሮ ለባላቸው ሲያቀብሉ በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። አያ አየነው ገመዱን አልተቀበሉም።

"በቆሰለ ጀርባ ልክ ኮርቻ አልቆርጥም። ያበጠ ጀርባ ልኩ ውሸት ነው። አሥራ አምስት ቀን ትከሻሽ ላይ ምንም እንዳያርፍ፤ ከዚያ ተመለሽ።"

"አያ፣ እኔ ሰው ነኝ እኮ። ሥራ አለብኝ።"

"ፈረስም ሥራ አለበት።"

እነዚያ አሥራ አምስት ቀናት ለፍቅርአዲስ ከተራራም የከበዱ ነበሩ። አያ አየነው ስልክ ቁጥሯን ወስደዋል፤ ኔትወርክ በያዘላቸው ጊዜ ሁሉ ይደውላሉ።

"ዛሬ ምን ተሸከምሽ?"

"ምንም አልተሸከምኩም፣ አያ።"

"ዋሽተሻል። ድምፅሽ ጎብጧል።"

እውነትም የዚያን ዕለት የኳስ ከረጢት ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር። በማግስቱ ኳሶቹን አንድ በአንድ በእጇ ስታመላልስ ርዕሰ መምህሩ አቶ ወገኔ በመስኮት አዩዋት።

"መምህርት፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"እንዳልሸከም ተከልክዬ ነው።"

"ማን ከለከለሽ?"

"የኮርቻ ባለሙያ ናቸው፤ ዳንግላ።"

አቶ ወገኔ አዲስ የመጣ የሕክምና ዘርፍ መሰላቸው። በሩን ዘጋ አድርገው ስለ ወገባቸው አጫወቷት፤ ዳንግላ ስትሄጂ ጠይቂልኝም አሏት። ስትጠይቅላቸው አያ አየነው፣ "ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ፈረስ አላውቅም" ብለው መለሱ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሳይክሏን ይዛ ዳንግላ ገባች። ቁስሏ ደርቆ ነበር። ልኩ በአዲስ ተወሰደ፤ ሥራውም ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ያ ነገር ሲጠናቀቅ ቦርሳ ለማለትም ኮርቻ ለማለትም ያስቸግር ነበር። ውጩ በደንብ የለፋ፣ ሰም የጠጣ የበሬ ቆዳ ነው፤ ውኃ ቢፈስበት እንደ ጎመን ቅጠል ያንከባልለዋል። ስፌቱ ጅማት ነው። ዚፕ የሚባል ነገር የለውም፤ በጠፍር ይታሰራል። ጀርባ በሚነካው በኩል ከዋንዛ የተጠረቡ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች በበግ ለምድ ተሸፍነው በግራና በቀኝ ቁልቁል ወርደዋል፤ መሐሉ ባዶ ነው።

"መሐሉን ለምን ክፍት ተዉት?"

"አከርካሪ አይጫንም። ነፋስም ይግባበት፤ ላብ ያልደረቀበት ጀርባ አይድንም። ጭነት የሚያርፈው ሥጋ ላይ ነው እንጂ አጥንት ላይ አይደለም።"

ደረቷ ላይ የሚታሰር አንድ ጠፍር፣ ሆዷ ላይ አንድ ጠፍር አለው። ከታች ደግሞ አንድ ረዥም ማሰሪያ ተንዘላዝሏል።

"ይሄስ?"

"በጭራ ስር የሚያልፈው ነው።"

"አያ፣ ጭራ የለኝም።"

አያ አየነው ማሰሪያውን እንደያዙ ቀሩ። በሕይወታቸው ሙሉ እንዲህ ያለ እንከን አልገጠማቸውም። "ታዲያ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት እንዳይሄድብሽ ምን ይይዘዋል?"

ፍቅርአዲስ ፊቷ ላይ የተለጠፈው ቦርሳና ድንኳኑ ትዝ አሏት። ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። መፍትሔው የመጣው ከዘውድነሽ ነው።

"ሴት ልጅ ጭራ ባይኖራትም ዳሌ አላት" አሉ። "እኔ እንስራ ስሸከም ክብደቱን የምጥልበት ወዴት ነው? ማሰሪያውን ከሁለት ሰንጥቀህ በዳሌዋ ዙሪያ አስረው፤ ይይዛል።"

አያ አየነው ሚስታቸውን ትክ ብለው አዩዋቸው፤ አርባ ዓመት የሠሩት ሥራ በአንድ ቃል የተሻሻለባቸው ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ ማሰሪያውን ሰነጠቁት። ፍቅርአዲስ ጭነቱን ሞልታ ስታጠልቀው፣ ክብደቱ ከትከሻዋ ላይ ተነስቶ ዳሌዋ ላይ አረፈ። ጀርባዋ ያለ ፈቃዱ ቀና አለ። ለዓመት ያህል ስትፈልገው የኖረችው ይኸው ነበር።

"ቃጭልም አለው" አሉ አያ አየነው።

"ቃጭሉ ይቅርብኝ።"

"ጉም ሲወርድ ትፈልጊዋለሽ" ብለው በግድ አሰሩላት።

ዕለቱ የጥር ቅዳሜ ነበር። ፍቅርአዲስ ኮርቻ ቦርሳዋን አጥልቃ በሳይክሏ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ተነሳች። ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር፤ ትከሻዋ አልተቆረጠም፣ ቁልቁለት ላይም ቦርሳው ንቅንቅ አላለም። አዲስ ቅዳምን አልፋ ጥቂት እንደሄደች ግን ከመንገዱ ዳር ካለ ሜዳ ፈረሶች ተሰብስበው አየች። የአካባቢው የፈረሰኞች ዕድር ዓመታዊ ግልቢያ ነበር። ቃጭሏ ሲሰማ አንዱ ፈረስ አሽካካ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ሰዉም ዞሮ አየ።

የዕድሩ ጸሐፊ አስማረ፣ ደብተር የያዘ ቀጠን ያለ ሰው፣ መንገዱ መሐል ገብቶ አስቆማት። ጀርባዋን ዞሮ አየና ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ።

"የአያ አየነው ኮርቻ ነው" አለ ወደ ፈረሰኞቹ ጮኾ። ከዚያ ወደ እሷ፣ "ፈረሱ የት አለ?"

"ፈረስ የለኝም። ቦርሳ ነው።"

"ኮርቻው አለ፣ ቃጭሉ አለ፣ ደረትሽ ላይ ጠፍሩ ታስሯል። ፈረሱ የት አለ ነው የምልሽ?"

ፈረሰኞቹ ከበቧት። ዋናው ነገር ይህ ነው አሉ፤ የአያ አየነው ኮርቻ በዚህ ሜዳ አጠገብ ሳይሮጥ አልፎ አያውቅም፤ ዛሬ ቢያልፍ ለሰውየው ውርደት ነው። ፍቅርአዲስ ግራ ሲገባት ደወለች።

"ሩጪ" አሉ አያ አየነው በስልክ። "ስትጨርሽ ግን ላብሽ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳትጠጪ።"

አስማረ ደብተሩን ገለጠ። ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፤ "ፈረስ" እና "ፈረሰኛ"። ለረዥም ጊዜ ተከራከሩ። ፈረሰኛ ናት እንዳይሉ ኮርቻው ያለው እሷ ላይ ነው። ሳይክሉ ነው ፈረሱ እንዳይሉ ሳይክል ነፍስ የለውም። በመጨረሻ በፈረስ ዓምድ እንድትገባ ተወሰነ።

"ቀለም፣ ዳማ" እያለ ጻፈ አስማረ። "ባለቤትሽ ማነው?"

"አላገባሁም።"

"የፈረሱን ነው የምጠይቅ።"

"እኔው ነኝ።"

"ፈረስ የራሱ ባለቤት ሲሆን አይቼ አላውቅም።"

"ይኸው ዛሬ አየህ" አለች ፍቅርአዲስ።

አንድ ችግር ቀረ፤ በዕድሩ ደንብ ጭነት የሌለው ፈረስ አይወዳደርም። ስለዚህ ቦርሳዋ ውስጥ ከዕቃዋ በተጨማሪ ሃያ ኪሎ ገብስ ተሞላ። እንዲህ ያለ ክብደት በምሕረት ቦርሳ ቢሆን ኖሮ ትከሻዋን ይዞት ይወርድ ነበር። አሁን ግን ዳሌዋ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ሰባት ፈረስና አንዲት መምህርት በመስመር ቆሙ፤ ጉዞው ዳገቱን ወጥቶ፣ ዋርካውን ዞሮ፣ ቁልቁል ወደ ሜዳው መመለስ ነበር።

ዳገቱ ላይ ፈረሶቹ ጥለዋት ሄዱ። መጨረሻ ነበረች፤ ማርሿን ቀንሳ፣ ጥርሷን ነክሳ ትረግጣለች። ዋርካው ጋ ስትደርስ ቀድሟት የነበረ አንድ ጥቁር ፈረስ በድንገት ቆመ። ጌታው ሽባባው የሚባል ጎልማሳ በእርካቡ ቢጎስመው፣ በልጓሙ ቢስበው እንቢ አለ። የገብሱ ሽታ ደርሶት ነበር። ፍቅርአዲስ ስታልፈው ዞረና ተከተላት።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደች እሷም በደንብ አታስታውሰውም። ከኋላዋ የፈረስ ትንፋሽ አንገቷን ያሞቀዋል፤ የፈረሱ ጥርስ ቦርሳዋን ይነክሳል፣ ይለቃል፣ ይነክሳል። ሽባባው፣ "አቁሚው!" እያለ ይጮኻል፤ እሷ፣ "አንተ አቁመው!" ትላለች። ፍሬን አልያዘችም፤ ብትይዝ ፈረሱ ላይዋ ላይ ይወጣል። አንዱን ፈረስ አለፈች። ሌላውን፣ ቀጥሎም ሁለቱን አለፈች። ገበሬው፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ "በለው! በላት!" እያለ፣ የቱን እንደሚል ራሱ ሳያውቀው፣ ሜዳው ተናወጠ። ሦስተኛ ሆና ገባች፤ ጥቁሩ ፈረስ አፉ ቦርሳዋ ላይ እንዳለ አራተኛ ሆነ።

ሽባባው ወርዶ ክስ አቀረበ። "ፈረሴ ሊያልፋት እየቻለ መብላት ስለፈለገ ነው ያላለፋት" አለ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና፣ ሆዱን ያስቀደመ ፈረስ በራሱ ነው የተሸነፈው ብለው ፈረዱ። ከዚያ ቦርሳውን አወረዱላትና ዙሪያውን መረመሩት። የጥርስ ምልክት አለ፤ የተቀደደ ግን የለም። ከጅማቱ አንዲት ስፌት አልተፈታችም። ዘውድነሽ ያሳሰሩትን የዳሌ ማሰሪያ ከተመለከቱት አንዱ አዛውንት በቀስታ፣ "ይህንን ጭራው ለተቆረጠ በቅሎ ባውቀው ኖሮ" ብለው ተከዙ።

ፍቅርአዲስ ላቧ እስኪደርቅ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ ትከሻዋን ዳሰሰች፤ አልቆሰለም። ድል ያደረገች መሰላት፤ ማንን እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባትም።

በዚያ አገር ፈረሰኛ በፈረሱ ስም ይጠራል። የእሷ ፈረስ ራሷ ስለሆነች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኟት ፈረሰኞች ባርኔጣቸውን አንስተው፣ "አባ ፍቅርአዲስ! እንደምን ዋልሽ?" ይሏታል። "ምን ጠፍቶባት ነው?" የሚላት ሰው ቀረ። አያ አየነው ደጅም ሰው በዛ። የባጃጅ ሹፌር መጣ፣ ነርስ መጣ፣ የመሬት ልኬት ሠራተኛ መጣ፤ ሁሉንም እስከ ባሕር ዛፉ በሶምሶማ እያስኬዱ ይቀበላሉ። ልኩን የሚወስዱትም፣ ማሰሪያ የት እንደሚያርፍ የሚወስኑትም አሁን ዘውድነሽ ናቸው።

በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ፣ ከዕድሩ ለትምህርት ቤቱ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። "ለፈረሱ ባለቤት" ይላል። በሚቀጥለው ወር ግልቢያ ለሚሳተፉ ፈረሶች በሙሉ የሚሞላ ቅጽ ተያይዟል። አቶ ወገኔ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ማኅተማቸውን አውጥተው ከግርጌው መቱበትና፣ "ስፖርት ስፖርት ነው" ብለው ለፍቅርአዲስ ሰጧት።

መምህራን ክፍል ተቀምጣ ሞላችው። ቁመት፣ ጻፈች። ቀለም፣ ዳማ። ክትባት፤ የቴታነስ ካርዷን ቁጥር ጻፈች። መኖ፤ በሶና ሙዝ አለች። "ጸባይ" የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ትንሽ አሰበችና "አትራገጥም" ብላ ጻፈች። ጽሑፉን አየችው። ሰረዘችው። ከጎኑ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ "እንደ ሁኔታው" ብላ ጻፈችበት።